በአህያ ሂሳብ

መራመድ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ቀጥዬ የምለው ሁሉ ጉራ ይሆናል። ወልድያ ውስጥ ከቤቴ እስከ ቢሮ ያለችውን ዳገት በእግሬ የወጣኋት ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጅ የቆመ ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜም ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያቆምኩ የልጆቹን ደኅንነት በየስማቸው ስጠይቅ የቆየሁት ትንፋሼ እስኪመለስ እንጂ ከሰው ወዳድነት አይደለም። እንግዲህ ከመርሳ ተነስቶ በሀብሩና በጉባ ላፍቶ የተከለሉ ተራሮች ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ፣ ወልድያን አልፎ፣ መቄትን አቋርጦ ላሊበላ የሚገባ የረጅም ርቀት የእግር ጉዞ መንገድ ያቀደው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ድክመቴ መስመር ነው። ማታ ማታ ጎግል ኧርዝ ከፍቼ ተራራ ላይ መስመር መሳብ እወዳለሁ። መርሳ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሲሪንቃ ወደ 1,850፣ ወልድያ 2,100 ትጠጋለች፤ ጣቴ ይህን ሁሉ አንድም ጊዜ ሳያርፍ ይወጣዋል። በአስፋልቱ ቢሄዱ ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። የኔ መስመር በጋራው ጥምዝ እየዞረ ከዚያ እጥፍ ፈጀ። እሱም አነሰኝና፣ “ረጅም ርቀት” የሚለው ስም እንዳያሳፍረኝ፣ አይቼው የማላውቀውን ሸለቆ ጨመርኩበት።

ነገሩን የጀመረብኝ ንባብ ነው። ቤንተን መካይ የሚባል አሜሪካዊ የደን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1921 የአፓላቺያን ተራሮችን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያያይዝ የእግር መንገድ ይሠራ ብሎ ጻፈ። በጎ ፈቃደኞች ተረባርበው በ1937 ገጠሙት፤ ዛሬ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብልህ ሰው ቢሆን መካከል ላይ ስላሉት 16 ዓመታት ያነብ ነበር፤ ድንጋዩን ማን ፈነቀለው፣ የገበሬውን መሬት ማን ለምኖ አሳለፈው ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ የያዝኩት ሐሳብ አመንጪውን ብቻ ነው። የሀብሩ ቤንተን መካይ ሆኜ አደርኩና በማግስቱ ለቢሮዬ በጻፍኩት ፕሮፖዛል ላይ የማጠናቀቂያ ጊዜ በሚለው ሣጥን ውስጥ “እስከ ፋሲካ” ብዬ ሞላሁ።

ጫማም ገዛሁ። ቦንዳ ተራ ገብቼ ሶሉ የትራክተር ጎማ የሚያህል የተራራ ጫማ ተከራክሬ አወጣሁ። ሰውነቴን ላለማምድ ብዬም 25 ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲየማችን ሄድኩ፤ ጥላው ጋ ተቀምጬ ልጆቹ ሲሮጡ አየሁ። ጫማው ግን ጥሩ ነበር፤ ሁሉም አድንቆልኛል።

እዚህ ላይ አንባቢ “ሰሜን ወሎ ውስጥ ከአንተ በፊት ይህን ያሰበ የለም ወይ?” ቢለኝ መልሱ ያሳፍረኛል። አለ። መቄት ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ ተስፋ በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ፣ ገበሬዎች ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ ሲቀበሉ ኖረዋል። መቋት ማርያም አንዷ ናት። እንግዳው ጠዋት ከአንዱ መንደር ይነሣል፤ ጓዙን አህያ ትሸከምለታለች፤ የአገሩ ልጅ ይመራዋል፤ ማታ ሌላ መንደር፣ ሌላ ጎጆ፣ ሌላ እሳት። ገቢው ለመንደሩ ነው። ለዚህ ተብሎ የተቆፈረ መንገድም የለም፤ ሰዉ ወደ ገበያና ወደ ደብሩ የሚሄድበትን ነው እንግዳውም የሚሄድበት። ትንሽ ልብ ያለው ሰው አውቶቡስ ይሳፈርና ሄዶ ይጠይቃቸዋል። እኔ ፕሮፖዛሌ ውስጥ “ከመቋት ማርያም አፋፍ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት” ብሎ የሚጀምር አንቀጽ አስገባሁ። አልተመለከትኩም። ፎቶ ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲያ ሰው “ቦታዋ እንዴት ናት?” ሲለኝ “ብርዷ አይጣል!” እላለሁ፤ ደጋ ስለሆነች በዚህ የሚያጋልጠኝ የለም።

ከመቄትም በፊት መንገደኛው ነበረ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመድረስ ስንቁን ቋጥሮ ስንት ቀን የሚጓዝ አለ። ለገና ላሊበላ በባዶ እግሩ የሚገባውን፣ የጁ ውስጥ ዳና ለዝያራ የሚወጣውን ማን ቆጥሮት? እነዚህ ሰዎች ምንጩ የት እንዳለ፣ የት ቤት “የእግዜር እንግዳ” ቢሉ በር እንደሚከፈት፣ የትኛው ወንዝ ከሰዓት በኋላ እንደሚሞላ ያውቃሉ። የሚሄዱበትን አውቀው ነው የሚሄዱት። እኔም አንዳንዱን መንገድ ሳተላይቱ ላይ አይቼዋለሁ፤ ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ በየጋራው ትከሻ የሚዞር። ካርታዬ ላይ ግን አላስገባሁትም። የኔ መስመር ይበልጥ ያምር ነበር።

ከመርሳ ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ ዕቅዴን ሳስረዳቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

“ይሄ መንገድ ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?”

“ለመሄድ ነው አባባ።”

“ወዴት?”

“ወዴትም አይደለም። ለመሄድ ብቻ።”

ጫማዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ። “አብሽር” አሉኝ፤ “መኪናህ መርሳ ጋራዥ ገብታ ከሆነ እስከ ማታ ትሠራልሃለች።”

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። አፓላቺያን ላይ መንገዱን የሚያመለክተው ዛፍ ላይ የተቀባ ነጭ አራት ማዕዘን ነው። እኔ ነጩ በኛ ድንጋይ ላይ አይታይም ብዬ ቀይ ቀለም ገዛሁ። እዚህ አገር ተወልጄ፣ እዚህ አገር አድጌ፣ መንገድ ሊሰፋ ሲል አጥርና ግድግዳ ላይ የሚደረገውን ቀይ ምልክት በዐይኔ እያየሁ ኖሬ፣ ቀይ ቀለም! በየድንጋዩ፣ በየአጥሩ ጥግ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ግንድ ላይም እየቀባሁ አንድ ጋራ አለፍኩ። ሥራ ስሠራ የዋልኩበት ብርቅ ቀን ስለነበር ሌሊቱን በደስታ ተኛሁ።

ጠዋት ስመለስ አገር ምድሩ ወጥቶ ጠበቀኝ። ግማሹ የአስፋልት ቅያስ ነው ይላል፣ ግማሹ ባለሀብት ሊገባ ነው ይላል፣ አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው ብሎ ምሎ ይገዘታል። አንዲት እናት ምልክቱ አጥራቸው ላይ ስላረፈ ጓዳቸውን ጠቅልለው ደጅ አውጥተው ነበር። አንድ ጎበዝ ደግሞ እኔ ተኝቼ ሳድር እሱ አልተኛም፤ ከምልክት እስከ ምልክት ያለውን የማሽላ ማሳውን ሙሉውን የማንጎ ችግኝ ተክሎበት አደረ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ካሳው በእግር ነው በካሬ?” ብሎ ጠየቀኝ። የግራና ማንጎ ባለበት አገር ችግኝ ማግኘት ከባድ አይደለም፤ በአንድ ሌሊት ያን ሁሉ ጉድጓድ መቆፈር ግን ከእኔ የዓመት ሥራ ይበልጣል። ለእናትየው ይቅርታ ጠይቄ ዕቃቸውን እኔው ተሸክሜ መለስኩ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ በናፍጣ እየነከርኩ ቀለም ሳጥብ ዋልኩ። ዋንዛው ላይ ያለው አልለቅ ብሎ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚህ በኋላ ሰው አደብ ይገዛል። እኔ ግን የሰው ማሳ ካልሆነ ችግር የለውም ብዬ መስመሩን ወደ ላይ፣ ወደ ተከለለው ተራራ ገፋሁት።

ስለነዚህ ተራሮች ትንሽ ልናገር። ወሎ የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ በእነዚህ የተራቆቱ ጋራዎች ሥር ሆኖ ነው ያየው። በምግብ ለሥራ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፤ 1983 ላይ ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙው ተጨፈጨፈ፤ እንደገና ተጀመረ። ከ1997 ወዲህ የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ፣ በየዓመቱም በበጋ ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ይዞ የሚወጣበት የተፋሰስ ዘመቻ ድንጋዩን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ከብት ከጋራው ወረደ። መጀመሪያ ክትክታው መጣ፣ ከሥሩ ሣሩ፣ ቆየት ብሎ ወይራው። የደረቀ ምንጭ የተመለሰበት ጋራ አለ፤ ወጣቶች ቀፎ የሰቀሉበትም አለ። ሣሩን ሴቶቹ በወቅቱ አጭደው ተሸክመው ይወርዳሉ እንጂ ላም አትገባበትም። ይህን ሁሉ የሠራው ሕዝቡ ነው፤ የኔ ድርሻ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ “ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ” ብሎ መጻፍ ነበር። ስንት ዓመት ጻፍኩት። ከዚያ ዐይኔን በጨው አጥቤ በዚያው ተራራ ልብ ላይ ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ የሚነካካበት መንገድ ነደፍኩ፤ የሁለቱ ሰነድ ጸሐፊ አንድ ሰው መሆኑ ትዝ ያለኝ ጥበቃው ሲይዘኝ ነው።

ዱላቸውን አግድም ይዘው መንገዴን ዘጉ። እኔ መታወቂያ አወጣሁ። መታወቂያውን ገልብጠው አይተው “ይሄ ወረቀት ደንቡን አያውቀውም” አሉና ወደ ተፋሰስ ኮሚቴው ይዘውኝ ወረዱ። ኮሚቴው ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ነበር። የመተዳደሪያ ደንቡ ሲነበብ ላም ይህን ያህል፣ ፍየል ይህን ያህል፣ አህያ ይህን ያህል፣ ግንድ የቆረጠ ይህን ያህል ይላል። ያለ ከብትና ያለ መጥረቢያ፣ ስልኩን እያየ የገባ ሰው የሚል አንቀጽ የለውም። ክርክር ተነሣ።

“በላም ይታሰብ” አለ አንዱ።

“ላም ሣር ትግጣለች፤ ይሄ ምን ጋጠ?”

“በፍየል ይሁን፤ ቅርንጫፍ ሰብሯል።” እውነት ነው፤ ለማለፍ ብዬ ክትክታ ሰብሬአለሁ።

እስካሁን ዝም ብለው የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ሣር አጫጅ መሆናቸውን ኋላ የሰማሁት፣ ቦርሳዬን በአገጫቸው አመለከቱ። “ጭነት አለው። ረግጦ ነው ያለፈ እንጂ አልበላም። አህያ ነው።”

ማንም አልሳቀም። ገንዘብ ያዡ ጻፈ፣ እኔ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተሰጠኝ። በአህያ ሂሳብ።

እዚያው ተቀምጬ የመንዝ ጓሳን ልጠቅስላቸው ሞከርኩ፤ የተማርኩ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው። የአስቦና የጌራ ልጆች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት፣ ሣሩ ሲደርስ በደንቡ መሠረት ይከፍቱት ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮውን ይዞታ ቢያፈርሰውም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመው፤ አሁን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ፈረንጅ ይመጣል፣ የማኅበረሰቡ ማረፊያ አለ፣ አልኳቸው። ሰብሳቢው ካዳመጡኝ በኋላ “እንግዳው መጀመሪያ መጣ ወይስ ደንቡ?” አሉኝ። ደንቡ በመቶ ዓመታት ይቀድማል። እኔ የጀመርኩት ከብሮሹሩ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የማን ፎቶ እንደሚወጣ ሳይቀር ወስኜ ነበር (ፎቶውን ጫማዬን አድርጌ ተነስቻለሁ)።

ከዕውቀቴ የቀረውን ደግሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ወሰደችው። ወጣት ናት፤ “ጋሼ” እያለች ነው የጨረሰችኝ። የእግር መንገድ አሠራር አንብቤአለሁና ሕጉን ነገርኳት፦ የመንገዱ ዳገት በአማካይ ከ10 በመቶ አይብለጥ፣ ከተራራው ተዳፋት ደግሞ ግማሽ አይለፍ፣ አለዚያ ውሃው መንገዱን ቦይ አድርጎ ይወርድበታል። በስልኬ መተግበሪያ ተዳፋቱን ለክቼም አሳየኋት። ትክክል ነው አለች። ቀጥላ “ታዲያ እርከኑን ሲያቋርጡ ውሃው የት ይሄዳል ጋሼ?” አለችኝ።

እርከኑን አላሰብኩትም። እርከን ሳተላይት ላይ ቀጭን ጥላ ነው። የኔ መስመር ሽቅብ ሲወጣ በየደረጃው ካቡን እየበሳ ነው የሚያልፈው፤ በእያንዳንዱ ክፍተት የክረምቱ ጎርፍ ተጠራቅሞ ሾልኮ የታችኛውን ካብ ይዞ ይወርዳል። ወስዳ አንድ ቦረቦር አሳየችኝ። ከሰው ቁመት በላይ ጠልቋል፣ ከጠርዙ የዛፍ ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል። “የከብት መውረጃ ነበር” አለች፤ “ስፋቱ እግር ያክላል ይሉ ነበር።” በሐምሌና ነሐሴ ብቻ ሳይሆን በበልግም ዝናብ በሚወርድበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ለማደግ ጊዜ አይፈጅበትም።

መለኪያዋን አወጣች። ሁለት ምልክት ያለባቸው እንጨቶች፣ መካከላቸው 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሲባጎው መሐል ላይ የተንጠለጠለች አውራ ጣት የማታህል የውሃ ልክ። እርከን የሚቀየሰው በዚህ ነው፤ በእነዚህ ጋራዎች ላይ ያለውን ካብ ሁሉ ያሰመረው ይህ ሲባጎ ነው። አንድ ገበሬ ላይኛውን እንጨት ይዞ ወጣ፣ እሷ ታች ቆመች፣ እኔ መሐል ሆኜ የአየሩን አረፋ እንድጠብቅ ተመደብኩ። “ወደ ላይ… ትንሽ… በቃ!” የማለት ሥራ ነው። ሁለቱ እንጨቶች ላይ ሲባጎው የታሰረበት ከፍታ አንድ ሜትር ከተለያየ ዳገቱ 10 በመቶ ነው፤ ስልክ አያስፈልገውም፣ ባትሪ አይጨርስም። በዚህ የለካችው የኔን መስመር አልነበረም። ሣር አጫጆቹ የሚወርዱባትን መንገድ ነው። መንገዷ በካቡ ጠርዝ ጠርዝ ትሄዳለች፤ አለቱ ራሱ ደረጃ የሆነበት ቦታ ስትደርስ ብቻ ታቋርጣለች፤ ትታጠፍና መልሳ ትወጣለች። በየቦታው ለካን። 10 በመቶ ላይ ወይም ከዚያ በታች ነበረች። ጀርባዋ ላይ የሣር ሸክም ያዘለች ሴት ከዚህ በላይ ቁልቁለት ጉልበቷ እንቢ ይላታል፤ ስለዚህ ቅያሱን ያወጣው ጉልበቷ ነው። በአህያ የፈረዱብኝ እናት ከእነዚያ አንዷ ናቸው። እኔ ያን ቀን ከታች እስከ ላይ በእግሬ ወጣሁ፤ ቁና ቁና እየተነፈስኩ፣ ግን ወጣሁ፤ ጫማው ተረከዜን ላጠው።

ከዚህ የሚከተለውን በቀልድ ለመጻፍ ሞክሬ እምቢ አለኝ። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 የሆነውን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ሰው ልጁን አዝሎ በእነዚያው ጋራዎች፣ በእነዚያው ቀጫጭን መንገዶች ሸሸ። ከዚያ በኋላም ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ሰላም አላገኘም፤ ላሊበላ ድረስ እንግዳ ጠፋ። በዚህ ሁሉ መካከል “ያ የእግር መንገድህ እንዴት ሆነ?” ለሚለኝ ሰው “ሁኔታው ይረጋጋ እንጂ” ብዬ እመልስ ነበር። አንገቴን ዘንበል አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሰዉም አብሮኝ ያዝናል። እውነቱ መንገዱ ከዚያ በፊትም ከኔ ስክሪን አልወጣም ነበር። ሰበብ በማግኘቴ ውስጤ ያረፈበት ሰዓት ነበር፤ ሰው ቤቱን ባጣበት ወራት ስንፍናዬን በሱ ሐዘን ሸፈንኩ። ከቀዩ ቀለም ይልቅ ሰው ፊት ማውጣት የምፈራው ይህችን ነው።

ኮሚቴው ግን ተሰብስቦ ነበር። ደንቡን እንደገና ሲያጸድቁ፣ ያ የኔ ጉዳይ ክፍተት አሳይቷቸው ኖሮ፣ አዲስ አንቀጽ ጨመሩ፦ ሰው ወደተከለለው ተራራ የሚገባው ሣሩ ከታጨደ በኋላ፣ ከአካባቢው ልጅ ጋር፣ በሣር ተሸካሚዎቹ መንገድ ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ከወጣ ይቀጣል፤ ለመግባትም ይከፍላል። ክፍያው ስንት ይሁን ሲባል ያለፈውን ደረሰኝ አገላብጠው የኔን አገኙ። ታሪፉ እሱ ሆነ። እኔ ለዚህ ሥራ ያበረከትኩት አሐዝ ይኸው ነው፤ በሩብ ዓመት ሪፖርቴ ላይም “ከእግር ጉዞ ዘርፍ የመጀመሪያው ገቢ ተሰብስቧል” ብዬ አሰፈርኩት፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።

ስብሰባው ሊበተን ሲል እጄን አወጣሁና “የጽሕፈት ቤት ባለሙያ በነጻ ይገባል” የምትል አንዲት መስመር እንድትጨመር ሐሳብ አቀረብኩ። ድምፅ ይሰጥበት ተባለ። የደገፍኩት እኔ ነበርኩ። ጸሐፊው ድምፅ የመስጠት መብት እንደሌለኝ በትሕትና አስታወሰኝና ቃለ ጉባኤው ላይ “በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆኗል” ብሎ ጻፈ።